ድምፁ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከጣቱ?

ሁለት የባስ ጊታር ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ ቡናው ሳይቀዳ ክርክሩ ይጀመራል። አንደኛው፥ «ባስ ማለት ፌንደር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው የእንጨቱን ዐይነት፥ የአንገቱን ውፍረትና የማግኔቱን ቦታ እየጠቀሰ ይመልስለታል። አንዱ ክር በየጊዜው ካልተለወጠ ድምፅ ይሞታል ሲል፥ ሌላው ክር የሚጥመው ካረጀ በኋላ ነው ብሎ ይምላል። አንዱ በጣት መምታትን እንደ ሕግ ሲቈጥር፥ ሌላው ያለ ፕላስቲክ መምቻ ባስ ጠርቶ አይሰማም ባይ ነው። ነገሩን ከዳር ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ስለ ጫማ ቀለም እንደ መከራከር ያለ ከንቱ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ይሁን እንጂ በክርክሩ ሥር አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም «የሰው ምርጫ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሰው አንድን ዕቃ የሚወደው ስሙ ስለ ተጠራ፥ ጓደኛው ስለ ያዘው፥ ወይም ዋጋው ስለ ከበደ ነውን? ወይስ የሚሠራው ሥራ ራሱ እያስተማረው ነው? በመጀመሪያ ደመወዙ ምን እንደሚገዛ የሚያወጣና የሚያወርድ ወጣት ሠራተኛም፥ በማደሪያው ግድግዳ ላይ ጊታር ሰቅሎ የሚማር ተማሪም ይህ ጥያቄ ይመለከተዋል። ስለዚህ በባስ ጊታር ስመ ጥር የሆኑ ጥቂት ሰዎች ምን ዐይነት መሣሪያ እንደ መረጡ፥ ስለ ምን እንደ መረጡትም ዛሬ እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በመጀመሪያ ባስ ጊታር ምን እንደ ሆነ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። መደበኛው ባስ ጊታር አራት ክሮች አሉት። እነዚህም ከተለመደው ጊታር ስድስት ክሮች የአራቱን ወፍራሞች ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ይሰጣሉ። ከሁሉ የወፈረው ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በተለመደው ጊታር ላይ ያለው አቻው ግን 82 ጊዜ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ድምፅ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም ይሰማል። በሠርግ ቤት እግሩ ሳያስበው የተንቀሳቀሰ ሰው ዘፋኙን ያመሰግናል፤ እግሩን ያነሣው ግን ብዙውን ጊዜ ባሱ ነው። እንግዲህ የባስ ተጫዋች ዋና ሥራ ሌላውን መሸከም ነው። ድራሙ ጊዜውን ይቈጥራል፥ ዘፋኙ ዜማውን ያወጣል፥ ባሱ ደግሞ ሁለቱን ያጋባል።

ከ1950ዎቹ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ቁመቱ ከሰው የሚበልጠውና ቁመው የሚጫወቱት ኮንትራባስ ነበር። ይህ መሣሪያ ድምፁ ግርማ ያለው ቢሆንም ከከተማ ወደ ከተማ ማጓጓዙ ፈተና ነው፤ መለከትና ኤሌክትሪክ ጊታር በበዛበት ኦርኬስትራ ውስጥም ድምፁ ይዋጣል። በ1930ዎቹ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባስ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ገዢ አላገኘም። በ1951 ግን በካሊፎርኒያ የፉለርተን ከተማ ነዋሪ የነበረው የራዲዮ ጠጋኝ ሊዮ ፌንደር «ፕረሲሽን» የተባለውን ባስ ለገበያ አቀረበ። ፕረሲሽን ማለት ትክክለኛነት ማለት ነው። ስሙም የተሰጠው በአንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ስለ ተተከሉበት፥ ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት ለማግኘት ስለሚችል ነው።

የሚያስገርመው ነገር ሊዮ ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አለማወቁ ነው። እርሱ ያውቅ የነበረው ሙዚቀኞችን መጠየቅና ማዳመጥ ነበር። አዲሱን መሣሪያ ቀድመው ከያዙት ሰዎች አንዱ በላዮነል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት የነበረው መንክ ሞንትጎመሪ ነው። በ1960 ደግሞ ፌንደር «ጃዝ ባስ» የተባለውን ሁለተኛ ዐይነት አወጣ፤ የዚህኛው አንገት ከፊተኛው የቀጠነ ነው፥ የክሩንም ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ማግኔቶች በሁለት ቦታ ተተክለውበታል። በዚህም የተነሣ የፕረሲሽን ወዳጆች የወፈረና የጠለቀ ድምፅ ያወድሳሉ፤ የጃዝ ባስ ወዳጆችም የጠራና ተናጋሪ ድምፅ። ይህ የጎራ ክፍፍል እስከ ዛሬ አልበረደም።

ወደ ሰዎቹ ስንመለስ መጀመሪያ መነሣት የሚገባው ጄምስ ጀመርሰን ነው። ጀመርሰን በ1936 በሳውዝ ካሮላይና ተወልዶ በ1954 ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄደ። በተማሪ ቤት ሳለ የለመደው ኮንትራባስን ሲሆን፥ የሚወደውም ሙዚቃ ጃዝ ነበር። ከ1959 ጀምሮ ሞታውን በተባለው የሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ባስ ተሻገረ፤ ዝነኛ የሆነበትም መሣሪያ 1962 ሠራሽ የሆነ ፕረሲሽን ባስ ነው። በዚህ ባስ ላይ የነበሩት ክሮች ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ወፋፍራሞች ናቸው። ክር ካልተበጠሰ በቀር አይለውጥም ነበር። በድልድዩ ክዳን ሥር ስፖንጅ ተወሽቆ ስለ ነበር ድምፁ እንደ ኮንትራባስ ቶሎ ይሞታል። ክሩንም ይመታ የነበረው በቀኝ እጁ በአንዲት ጣት ብቻ ነው፤ በዚህም ጓደኞቹ ጣቱን «መንጠቆ» ብለው ሰይመዋታል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፈን ለአንድ የዕቃ ነጋዴ ብንሰጠው፥ «ይህ ሰው ድኻ ነው ወይም ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ያረጀ ክር፥ የታፈነ ድምፅ፥ አንዲት ጣት! ነገር ግን ጀመርሰን የፈለገው ድምፅ ልቡ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ። እርሱ በኤሌክትሪኩ ባስ ላይ የኮንትራባሱን ክብደት ፈልጎ ነበር፤ የመረጠው ነገር ሁሉ ወደዚያው የሚያደርስ ነው። ስለሆነም በ1960ዎቹ ዓለም የጨፈረባቸው ብዙ የሞታውን ዘፈኖች የቆሙት በዚያች አንዲት ጣት ላይ ነው። አድማጩ ግን ስሙን አያውቅም ነበር፤ በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የአጃቢዎቹ ስም አይጻፍምና። በ1971 ማርቪን ጌይ ባወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» በተባለው አልበም ላይ ስሙ ከምስጋና ጋር ተጻፈለት።

ይሁንና የራስ ምርጫ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚሁ ሰው ታሪክ እንማራለን። ሞታውን በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ የሙዚቃው ፋሽን ተለወጠ። አዳዲሶቹ አዘጋጆች የሚያብለጨልጭ ድምፅ ያለው አዲስ ክር ይፈልጉ ጀመር። ጀመርሰን ግን ከለመደው ክርና ከለመደው አመታት ንቅንቅ አላለም። ሥራው ቀነሰ፤ መጠጥና ሕመምም ተጨመረበት። በ1983 በ47 ዓመቱ ሲሞት፥ ያ ዝነኛ ባሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ተሰርቆ ነበር። እስከ ዛሬም የገባበት አልታወቀም። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ። አንዱ «ግትር ነበር» ይላል፤ ሌላው «ታማኝ ነበር» ይላል። የእኔ አሳብ ግን ሁለቱም በከፊል እውነት ናቸው የሚል ነው። በሥራ የተገኘ ምርጫ ሥር አለው፤ ሥር ያለው ነገር ደግሞ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አብሮ አይሄድም።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስለው ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። ፓስቶሪየስ በ1951 በፔንሲልቬንያ ተወልዶ በፍሎሪዳ ያደገ ሲሆን፥ እርሱም ኮንትራባስን ይወድ ነበር። እንደሚተረከው ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛው ኮንትራባስ በፍሎሪዳ የባሕር ዳር እርጥበት ተሰነጣጥቆ ከጥቅም ውጭ ሆነበት። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ በሌላ መንገድ ለማግኘት በ1962 ከተሠራው ጃዝ ባሱ አንገት ላይ ፍሬቶቹ እንዲነሡ አደረገ፤ ክፍተቱንም በእንጨት መድፈኛ ሞላው፤ በላዩም ለጀልባ የሚቀባውን ጠንካራ ሙጫ ቀባው። ሙጫው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። እርሱ የመረጠው ክር ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት፥ እንደ ሞረድ ሻካራ የሆነ ነው፤ ባዶውን እንጨት ቶሎ ይበላዋል። በዚህ ብልሃት ጣቱ ሲንሸራተት እንደ ሰው ድምፅ የሚዘፍን ባስ ተገኘ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ጀመርሰንና ፓስቶሪየስ አንዱ የሞተ ክር፥ ሌላው የሚጮኽ ክር መርጠዋል። አንዱ ድምፁን አፈነ፥ ሌላው ለቀቀው። ነገር ግን ሁለቱም ከኮንትራባስ ፍቅር ተነሥተው ነው ወደ ሁለት አቅጣጫ የሄዱት። የመጀመሪያው የኮንትራባሱን ክብደት ወሰደ፤ ሁለተኛው ዝማሬውን። እንግዲህ «ጥሩ ክር የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጥሩ መንገድ የትኛው ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ መልስ የለውም።

ምርጫ ሁሉ ግን ከጥልቅ አሳብ ይወለዳል ማለት አይደለም፤ ችግርና አጋጣሚም ይወልዱታል። ፖል ማካርትኒ ባስ የያዘው ወዶ አልነበረም። በ1961 ቢትልስ በጀርመን አገር በሀምቡርግ ሲጫወቱ ባሱን ይመታ የነበረው ስቱዋርት ሰትክሊፍ ቡድኑን ስለ ተወና ሌላ የሚይዘው ሰው ስለ ጠፋ ዕጣው በእርሱ ላይ ወደቀ። በዚያው በሀምቡርግ 30 ፓውንድ ያህል ከፍሎ ሆፍነር የተባለውን በቫዮሊን ቅርጽ የተሠራ ባስ ገዛ። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፥ ፌንደር ለእርሱ ኪስ ይከብድ ነበር። ሁለተኛ፥ እርሱ ግራኝ ስለ ሆነ መሣሪያውን ገልብጦ ሲይዘው ቅርጹ በሁለቱም ጎን እኩል የሆነው ሆፍነር አያስቀይምም ነበር። ሆፍነሩ ባዶ ሆድና ቀላል ነው፤ ክሩም ከፌንደሩ ያጠረ ነው፤ ከ86 ሳንቲ ሜትር ወደ 76 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መሣሪያው እንዲህ የሚቀል ስለ ሆነ እጁ በአንገቱ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ስለዚህም ባሱ ከሥር ሆኖ የራሱ ዜማ እንዲኖረው አስቻለው። ማካርትኒ ጀመርሰንን እንደሚያደንቅ ብዙ ጊዜ ተናግሯል፤ ይሁንና የጀመርሰንን መሣሪያ አልገለበጠም፤ የወሰደው ባስ ማሰብ እንደሚችል የሚያሳየውን ትምህርት ነው። ያ በ1961 የተገዛው ሆፍነር በ1972 በለንደን ከመኪና ላይ ተሰርቆ ከ50 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ተገኝቶ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ተነግሯል።

ካሮል ኬይም የአጋጣሚ ልጅ ናት። በ1935 በዋሽንግተን ግዛት የተወለደችው ይህች ሴት በሎስ አንጀለስ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነበረች። በ1963 ለቀረጻ የተጠራው የባስ ተጫዋች ሳይመጣ ቢቀር በእርሱ ቦታ እንድትጫወት ተጠየቀች፤ ከዚያ ወዲህ በስቱዲዮ እጅግ ከሚፈለጉት የባስ ተጫዋቾች አንዷ ሆነች። ለጊታር ስትጠቀምበት የነበረውን ፒክ አልጣለችም፤ በፕረሲሽን ባስ ላይም በፒክ መታች፥ ክሩንም በጨርቅ አፈነችው። በስቱዲዮ ውስጥ ጊዜ ገንዘብ ነውና፥ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ በራዲዮ እንዲሰማ ማድረግ የሥራዋ ግዴታ ነበር። እነሆ፥ አንዳንዶች «ነውር» የሚሉት ፒክ የሥራ ጥበብ ሆኖ ተገኘ።

ላሪ ግረሃም ደግሞ ችግርን ወደ ስልት የለወጠ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ከእናቱ ጋር በካሊፎርኒያ በየምሽት ቤቱ ሲጫወት ድራም የሚመታ ሰው አልነበራቸውም። የትልቁን ከበሮ ምት በአውራ ጣቱ ክሩን በመደብደብ፥ የትንሹንም ከበሮ በሌላ ጣቱ ክሩን ወደ ላይ ነጥቆ በመልቀቅ ተካው። ከዚያም በስላይና ፋሚሊ ስቶን ቡድን ውስጥ ይህንኑ አመታት ለዓለም አሰማ፤ ዛሬ «ስላፕ» እየተባለ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። በጃማይካ ደግሞ የቦብ ማርሌ ቡድን ባስ ተጫዋች የነበረውና በ2024 ያረፈው አስተን ባሬት የመጀመሪያውን ባሱን የሠራው ከጣውላና ከመጋረጃ ዘንግ ነበር። ለሬጌ ባስን ያህል የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ባሬት ግን ጎልቶ የተሰማው ብዙ በመምታቱ ሳይሆን፥ ዝም የሚልበትን ቦታ በማወቁ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የዝቅተኛ ድምፅ ፍቅር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የበገና ዐሥሩ ክሮች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው እንዚራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ስላለ ድምፃቸው እየነዘረ ደረት ውስጥ ይገባል። በኤሌክትሪኩ ባስ ደግሞ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው የአይቤክስ ባንድ ባስ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ፥ የዋልያስ ባንዱም መላከ ገብሬ ስማቸው የሚጠራ ነው። ዋልያስ በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» በተባለው የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ላይ ዘፋኝ ስለሌለ ባሱን ለይቶ ለማድመጥ ለሚሻ ወጣት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸውና፥ በእነርሱ ላይ የሚጫወት ባስ ብዙ ድምፅ በመደርደር አያምርም። አንድን አጭር ሐረግ እየመላለሰ፥ በጭፈራው ምት ላይ ሳይዛነፍ በመቀመጥ ነው የሚያምረው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚመርጠው ክርና ማግኔት በዲትሮይት ከተመረጠው ጋር ቢለያይ ሊያስደንቀን አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንግዲያው መሣሪያው ምንም አይደለም፤ ሁሉም ነገር በጣት ነው ማለትህ ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። አንገቱ የተጣመመ፥ ክሩ ከመጠን በላይ የራቀ ባስ የጀማሪን እጅ ያቆስላል፥ ተስፋም ያስቈርጣል። ክሩ የጠፍጣፋ ወይም የክብ ሽቦ መሆኑ፥ ማግኔቱ ወደ አንገቱ ወይም ወደ ድልድዩ መጠጋቱ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ልዩነት በጆሮ የሚለይ እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥያቄ የሌለው ሰው ከዐሥር ጊታር ዐሥር ድምፅ እንጂ አንድ መልስ አያገኝም።

ለዚህም ማስረጃው እነዚህ ሰዎች ያዳምጡት የነበረው ሙዚቃ ነው። ጀመርሰን በዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ይዞት የገባው የጃዝ ጆሮ ነው። ፓስቶሪየስ በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ መክፈቻ ላይ የተጫወተው ከቻርሊ ፓርከር ሳክስፎን የሚታወቀውን «ዶና ሊ» ነው። ኬይ ከጃዝ ጊታር፥ ግረሃም ከከበሮ፥ ማካርትኒ ከዘፋኝነት መጡ። አንዳቸውም ባስ ብቻ ሲያዳምጡ የኖሩ አይደሉም። ምርጫቸው የተሠራው በዕቃ መደብር ሳይሆን በጆሮ ነው፤ መደብሩ የመጣው ኋላ ነው።

እንግዲህ ባስ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ቢጠይቀኝ የምመልስለት አጭር ነው። በመጀመሪያ የምትወደውን ሙዚቃ ባሱን ብቻ እየተከተልህ ደጋግመህ ስማው። ቀጥሎ የጓደኛህን መሣሪያ ተውሰህ ከሚዘፍንና ከበሮ ከሚመታ ሰው ጋር ተጫወት፤ የጎደለህን የሚነግርህ ሥራው ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለህን ብቻ ግዛ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለጥምጣም ብቻ አይደለም። በቢሮም ቢሆን ውድ እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ደብዳቤ ማርቀቅ አያውቅም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን የሚስማማውን እስክሪብቶ ከሚያንሸራትተው ይለየዋል።

የጀመርሰንን ዐይነት ባስ፥ የጀመርሰንን ዐይነት ክር ዛሬም ገንዘብ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ክሩን ግን እርሱ እስኪወደው ድረስ ያስረጀው ራሱ ጀመርሰን ነው፤ ያን ዕድሜ የሚሸጥ ሱቅ የለም።